ዘለለው ሰፈር የሚባል ቦታ የለም

የስንሻው ወንድም የጥጋቡ አስከሬን ከቤት ሊወጣ ነው፤ ታላቅ እህታቸው እትዬ አስካለ ግን አልደረሱም። ስንሻው ዘለለው ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

“ይሄ ሾፌር የሌለው ጉድ ‘ዘለለው ሰፈር የሚባል ቦታ የለም’ ይለኛል!” አሉ እትዬ አስካለ ከመኪናው ውስጥ። “አዲሱን ስም ንገረኝ።”

ስንሻው ከንፈሩን ነከሰ። ሹሞቹ ምድሩን ሁሉ በቁጥር ሸንሽነው ማሽን ለየቁጥሩ ስም እንዲያወጣ ያዘዙ ጊዜ፣ ስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ ነበር። “ይህን ረግረግ በአካፋ አድርቆ ሰው ያሰፈረበት አባቴ ነው” ቢል፣ አንዱ ጎረምሳ ሹም “አባባ፣ አዲሱ ስም እኮ ለአፍ ይቀላል” ብሎ ሳቀበት፤ አዳራሹንም አሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ያንን ስም ላይጠራ ምሏል።

“የአባታችንን ሰፈር እኔው ልካደው?”

“ታዲያ ወንድሜን ሳልሰናበት ልትቀብሩት ነው? ተናገር እንጂ!”

ሳጥኑ በሩ ላይ ደርሷል።

“ሙኬዳ ቶሪ” አለ፣ የመረረውን እንደሚተፋ ሰው።

መኪናው ስሙን ሲሰማ እንደ ታዛዥ አሽከር ከች አለ። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። እትዬ አስካለ ግን ሳጥኑን አልፈው ሄዱና መሬቱ ላይ ተንበርክከው ደረታቸውን ደቁ።

“አባቴ! አባቴ ዘለለው! ዛሬ ገና ሞትክ!”

አባትየው ከተቀበሩ ስንት ዘመናቸው! አንድ ጎረቤት ጎንበስ ብሎ “እትዬ፣ የሞተው እኮ ጥጋቡ ነው” አላቸው።

“ተዋቸው!” ብሎ ስንሻው ጮኸበት። “አልተሳሳቱም።”