ሽቦው እስኪፈታ

መንጋጋዋ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ጥርሶቿ በሽቦ ስለታሰሩ፣ ምግቧ በስትሮ የምትስበው አጥሚት ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷ ወይንሸት ጠዋት ጠዋት በፔርሙስ ታመጣላታለች።

«እማዬ ናት የሠራችልሽ። ጉልበቷን ባያማት ኖሮ ራሷ ትመጣ ነበር» ትላታለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

እሷም ጠብታ ሳታስቀር ትጨርሳለች። እየጠጣች ዓይኖቿ እንባ ሲያቀርሩ ለወይንሸት የቁስሉ ሕመም ይመስላታል።

ሽቦው በተፈታ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለመርዶ ቤቷን ሞላው። ወይንሸት እግሯ ሥር ተደፋች።

«ይቅር በይኝ እህትዬ፤ ጮኸሽ መንጋጋሽ እንዳይወልቅ ብለን ነው የደበቅንሽ። እማዬ...»

«አውቄያለሁ» አለች፣ ቃሉ ከአፏ እየተጎተተ። «እማዬ አጥሚት በማር እንጂ በስኳር ሠርታልኝ አታውቅም። ደግሞስ እኔ ታምሜ ጉልበት ያስቀራት ነበር? ተንፏቅቃም ትመጣ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ? ታዲያ ምነው ሳታለቅሺ ቀረሽ?»

«የማለቅስበት አፍ መች ነበረኝ?» አለችና፣ መንጋጋዋን በሁለት እጆቿ ደግፋ ጮኸች።