አረንጓዴውን ይጫኑ

እንደ ወትሮው ማልዳ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ አልጋዋን አነጠፈች፤ ከዚያ ስልኳን ከፈተች። ዓይነ ስውር ናትና የተጻፈውን ሁሉ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብላታል። የሟች ባሏን ድምፅ በአደራ ያስቀመጠችበት ድረ ገጽ «ዛሬ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካልታደሰ ይሰረዛል» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ ስም ግን አልተሰጣቸውም። ስልኩ «ቁልፍ» አለ፤ ቀጥሎም «ቁልፍ» አለ።

የጎረቤቷን በር አንኳኳች፤ ሰው የለም። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሥራ እስኪጀምር ጠብቃ ደወለች።

«እናቴ፣ ቀላል እኮ ነው!» አለ ስልኩን ያነሣው ወጣት። «አረንጓዴውን ይጫኑ። ቀዩ ግን ይሰርዘዋል፤ እንዳይነኩት፣ አደራ!»

«ዓይኔ አያይም፣ ልጄ።»

«ውይ! ቤት ውስጥ የሚያይልዎት ሰው የለም? ቶሎ ይበሉ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።»

«የሚያይልኝ እዚያ ውስጥ ያለው ነው።»

ይህን ብላ የመጀመሪያውን ቁልፍ ነካች።

«በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለ ስልኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ተመስገን» አለች። ከዚያም በየማለዳው «ተነሺ እንጂ አንቺ ሰነፍ፣ ፀሐይዋ ወጥታለች» የሚላትን የባሏን ድምፅ ለመስማት ገጹን ከፈተች።

«ባዶ ገጽ» አለ ስልኩ። የባሏ ድምፅ የለም።