ሦስት ፕሮፎርማ

«ዋጋ የሌለውን ነገር እንዴት አድርጌ ልግዛው?» አለኝ የኮሌጃችን የግዥ ኃላፊ አቶ ዘርጋው። «ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ።»

ደሜ ፈላ። «ነፃ ሶፍትዌር ነው እኮ የምልዎት! ሰርኪዩት ይሞክርልናል፣ ቦርድ ይነድፍልናል። ከኢንተርኔት አውርጄ ልጫነው፣ ይፍቀዱልኝ ብቻ ነው ያልኩት። ማን ነው ፕሮፎርማ የሚሰጠኝ?»

«ነፃ ነገር ለመንግሥት ሥራ አይሆንም። የሚሸጥ ሰው ደግሞ አይጠፋም።»

እሱ ምን ቸገረው! ተማሪዎቼ ኮምፒውተር ላይ ሳይሞክሩ በቀጥታ እየሰኩ፣ ከኪሳቸው የገዙትን ዕቃ ሲያቃጥሉ የማየው እኔ ነኝ። ላብራቶሪዬ ሁልጊዜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ቤቴ ገብቼ ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። አይቶ እንዲያምን ብዬ አንዲት ትንሽ የሰርኪዩት ቦርድ ለናሙና ነደፍኩበት። ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ የቦርዷ ጥግ ላይ በትልልቁ «ነፃ ነው፤ አይሸጥም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት፣ በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አስጠራኝ። በፕላስቲክ የታሸገ ሲዲ እየሰጠኝ ደረቱን ነፋ።

«ይኸውልሽ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን በሕጉ መሠረት ገዛንልሽ። ኦርጂናል ነው! እንደዚያ እንደ አንቺ ፍላሽ ውዳቂ አይደለም።»

ላብራቶሪ ወስጄ ተማሪዎቼ ፊት ከፈትኩት። ፕሮግራሙ ከነናሙናው መጣ። አንዲት ትንሽ ቦርድ ናት፤ ጥጓ ላይ በትልልቁ ተጽፎባታል፦

«ነፃ ነው፤ አይሸጥም።»