ከሰኞ ጀምሮ

አሮጊቷ ጎረቤቱ ባዶ ጀሪካን ይዘው የፍሳሽ ማጣሪያውን አጥር ሲደገፉ፣ ሠራተኛው ወደ ገንዳው አየር የሚነፋውን ሞተር በጀርባው ከለለው። ሞተሩ ከቆመ አምስት ቀኑ ነበር። የመንደሩ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ እሱ መዝገቡ ላይ በየቀኑ «ደህና» እያለ ይጽፍ ነበር። ዘይት መጨመር ረስቶ ሞተሩን ያቃጠለው ራሱ ስለሆነ፣ ለማን አቤት ይበል?

«የልጅ ልጄ ገላዋ ሽፍ ብሎባት አደረ» አሉት። «ነርሷ ‹የሚያጥቧት ውሃ ይሆናል› ብትለኝ፣ ‹የኛ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ? አይደረግም› ብዬ አፏን አስያዝኳት።»

ፊቱን እሳት ለበለበው። ወደ ወንዙ መውረድ ሲጀምሩ ዝም ሊል አስቦ ነበር፤ አፉ ግን ቀደመው።

«እማማ፣ አይቅዱ። ውሃው ከሰኞ ጀምሮ ቆሻሻ ነው።»

ቆሙ። አልተቆጡም፣ አልረገሙትም፤ ብቻ እንደማያውቁት ሰው ትክ ብለው አዩት።

«ትናንት እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹ይከብድዎታል› ብለህ፣ ውሃውን እስከ ደጄ የተሸከምክልኝ አንተ ነህ።»