የመጨረሻው እስር ቅጠል

ከእናቷ የመድኃኒት ቅጠል የወጣው ጭማቂ በቤተ ሙከራው የብርጭቆ ሳህን ላይ ጀርሞቹን ገድሎ ጥርት ያለ ክብ ትቶ ነበር። አለቃዋ ሳህኑን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና "ጥሩ ነው፤ ግን አንዴ ሆነ ተብሎ አይታመንም፤ ድገሚው" ብሏት ወጣ። ለመድገም የቀራት እናቷ ከመሞቷ በፊት በፌስታል ከላከችላት ሁለት እስር ቅጠል አንዱ ብቻ ነበር። አልኮሉን ለካች፣ መፍጫውን ወለወለች፣ የተወለወለውን ደግማ ወለወለች።

የመጀመሪያውን እስር ክር በጥድፊያ በመቀስ ነበር የቆረጠችው። ይሄኛውን በጥፍሯ ልትፈታው ፈለገች፤ የእናቷ ቋጠሮ ግን በጥርስም እንደማይበገር ታውቃለች። ልጅ ሳለች እናቷ ቅጠል ባሰረች ቁጥር "ነይ እስቲ፣ ጣትሽን አሳርፊልኝ" ትላት ነበር። ክሩ በተሻገረበት ላይ ጣቷን ስትጫን እናቷ ጥብቅ አድርጋ ትስበዋለች።

"እማ፣ ጣቴንም አሰርሽው እኮ!"

"እሰይ! እንግዲህ የት ትሄጂ?" ትላታለች እየሳቀች።

ጥፍሯ ገና ሲነካው ቋጠሮው ተፈታ፤ ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ቋጠሮው የላላ ነበር። እናቷ ይሄን ስታስር ጣቱን የሚያሳርፍላት ሰው አልነበረም።

ቅጠሉን ወደ መፍጫው ከመጨመሯ በፊት ክሩን ጠረጴዛው ላይ አሻገረችው፤ ጣቷንም አሳርፋ ጫን አለችው። ጫፎቹን የሚስብላት አልነበረም።