አሥረኛው ዘፈን

ፕሮዲውሰሩ የቀረጻ ክፍሉን በር ከውጭ ቆለፈውና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«አሥረኛው ዘፈን ሳይጻፍ አይከፈትም» አላት በመስታወቱ ማዶ ባለው ማይክ።

«እያሾፍክ ነው?»

«ስናሾፍማ ሁለት ወር አለፈ።»

ዘፋኟ እጀታውን ወዘወዘችው። ንቅንቅ አላለም። መስኮት የለ፣ ነፋስ የለ፤ ግድግዳው በግራጫ ስፖንጅ ተለብጧል። የተሰጣት አንድ ወንበር፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ባዶ ደብተር ነው። ሽንት ቤት ስትል የድምፅ ባለሙያው ይከፍትላታል፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል፤ መልሶ ይቆልፍባታል። ይኸው፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ እስረኛ ሆና አረፈችው!

የመጀመሪያ አልበሟ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆቴልና በሠርግ አዳራሽ የሰው ዘፈን ስትዘፍን ኖራ፣ በስንት መከራ የራሷ ተራ ደረሰ። ለስለስ ያለ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ድምጿ ከላይ ይንሳፈፋል። ከተጠናቀቁት ዘጠኝ ዘፈኖች አንዱ ቀድሞ ወጥቶ ሰው ሁሉ አብዶለታል። «ግጥምና ዜማ፦ ራሷ» የሚለው ደግሞ ጋዜጠኞቹን ይበልጥ አሳበዳቸው። ፖስተሩ ላይ ግን «አሥር ዘፈኖች» ተብሎ ታትሟል። ፕሮዲውሰሩም ቃል ቃል ነው የሚል ሰው ነው፤ እስከ ዓርብ አሥር ካልሞላ አልበሙን እንደሚሰርዘው ነግሯታል። ከተሰረዘ ወደ ሠርግ አዳራሿ ትመለሳለች።

«ዘጠኙን ወልደሽ አሥረኛው ላይ መከንሽ?» አላት ፕሮዲውሰሩ። «የት ነበር የተጻፉት?»

«ቤት። የኋላው ክፍል።»

«ታዲያ ይህም ክፍል ነው፤ ምን ጎደለው?»

የውሃውን ጠርሙስ ከፍታ ተጎነጨች።

ከቀትር በፊት ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሊያጽናናት ገባ። ቀልደኛ ነው።

«እኔ የምልሽ፣ ዘጠኙም ዘፈን ውስጥ በር አለ። ‹በሩን ያየህ›፣ ‹በሩ ሥር ያለው ብርሃን›… ከበር ጋር ምን አጣላሽ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እሱ ሲወጣ በሩ እንደገና ተቆለፈ።

ደብተሩን ገለጠችው። «በር» ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። «ልቤ» ብላ ጻፈች። እሱንም ሰረዘችው። ጊታሩን አንስታ ያንኑ ሦስት ኮርድ ስትመታ ቆየች። ቃል የሚባል የውሃ ሽታ ሆነ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፕሮዲውሰሩ ጠዋት የወሰደባትን ስልክ ይዞ ገባ። «አምስት ደቂቃ» ብሎ አጠገቧ ቆመ። እናቷ ጋ ደወለች።

«በላሽ የኔ ልጅ?»

«በልቻለሁ እማ።»

«እህትሽ ግን እህል እምቢ ብላለች። ያ ስፌት ቤት ሰኞ ሥራ ጀምሪ ብሏት፣ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ እያለች ነው።»

ዘፋኟ ፕሮዲውሰሩን በዐይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ምን አስቸኮላት? እኔ በጭንቅ ላይ ሆኜ…»

«እኔም ያንኑ ብያታለሁ። አንቺ ብቻ አይዞሽ።»

«እሺ እማ፣ አሁን ሰው አለ። በኋላ።»

ስልኩን ተቀበላት። በሩ ተቆለፈ።

ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። ስፖንጁ ትንፋሿን ሳይቀር የሚውጠው መሰላት። የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ ማዶ ሳንድዊቹን እየገመጠ አንዴ ያያታል፣ አንዴ ስልኩን ያያል። በመጨረሻ ብግን አለች። ተነስታ ማይኩን ያዘች።

«እኔ ላም ነኝ እንዴ የምታልቡኝ? ሰው ተቆልፎበት ዘፈን ይወጣዋል? እናንተ ልብ የሚባል አልፈጠረባችሁም?»

የድምፅ ባለሙያው አንገቱን ደፋ። ሰማይ ቢወድቅ ግድ የማይሰጠው የሚመስለው፣ ከጎኑ የቆመው ፕሮዲውሰር እንኳ ፊቱ ተለዋወጠ። ዘፋኟ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

በሩ ተከፈተ።

«በቃ፣ በቃ፣ አታልቅሺ» አለ ፕሮዲውሰሩ አጠገቧ ተንበርክኮ። «አበዛሁት። የሰው ልጅ ቆልፌ… በእናቴ፣ ራሴን ጠላሁት።»

«ቤት ልሂድ። ነገ ጠዋት ይዤልህ እመጣለሁ። እንደ ሌሎቹ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዘጠኙን አምጥቼልህ የለ?»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስልኳንም የበሩን ቁልፍም መዳፏ ላይ አኖረላት። «ሁለተኛ ማንም አይቆልፍብሽም» አላት። እውነቱን ነበር፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። የድምፅ ባለሙያውን በትከሻው ይዞ ወጣ፤ እንዳይረብሿት ብለው ግቢው ድረስ ሄዱ።

ዘፋኟ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የተከፈተው በር ላይ ቆማ ደጁን አየች፤ አየሩን ሳብ አደረገች። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። እርምጃቸው እስኪርቅ ጠበቀችና እናቷ ጋ ደወለች።

«እማ፣ ስፌት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ዘጠኙ ጊዜ የኋላውን ክፍል ከውጭ ቆልፊባት፣ አሥረኛውን ሳትጽፍልኝም እንዳትከፍቺላት።»