ወደ ካሊሮይ ቤት

«ወደ ግራ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን ታልፊና ሽቅብ» ይላል ፓንዴሊስ፣ የያዘውን የመጫወቻ ካርታ ማንም እንዳያይበት ደረቱ ላይ ለጥፎ።

«የምን ግራ! አትስሚው እመቤቴ» ይላል በቡና ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው አርጊሪስ። «ይሄ ሰውዬ ሚስቱ ካልመራችው የራሱን በር አያገኝም። ወደ ቀኝ ነው። ቁልቁል።»

ባለቤቴ ፖሊክሴኒ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሃል ቆማለች። ረፋድ አምስት ሰዓት ነው፤ መስከረም ቢገባም የአቴና ፀሐይ ገና አልበረደላትም። ሁለቱም ሰዎች እርግጠኞች ናቸው። እዚህ አገር መንገድ ተጠይቆ «አላውቅም» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ከማፈር መሳሳት ይሻላል ባዮች ነን። እኔም ያው ነኝ። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ መንገድ አስቻታለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ደረቴን ነፍቼ።

የመጣነው ለዕረፍት ነው። እሷ የምትለው እንደዚያ ነው። ከደሴታችን ከሲሮስ ወጣ ብዬ የአቴናን ሰፈሮች አንድ በአንድ ማየት አማረኝ አለች። ከትናንት ወዲያ ፕላካን አዞረችኝ፣ ትናንት ኩካኪን፣ ዛሬ ደግሞ ፔትራሎናን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሱቅ አልገባች፣ አንድ ፎቶ አላነሳች። እየዞረች እየዞረች የምትጠጋው ታላቅ እህቷ ካሊሮይ ወደምትኖርበት ሰፈር ነው። መርከባችን ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል።

እህትማማቾቹ ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ስታርፍ የመርከብ ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ፤ ካሊሮይ ወደቡ ላይ ሁለት ሌሊት አድራ ለቀብር ሳትደርስ ቀረች። ፖሊክሴኒ በስልክ «ከእንግዲህ እህት የለኝም» አለቻትና ዘጋችባት። መርከብ እንዳልነበረ ደሴቱ በሙሉ ያውቃል። ግን ሐዘን ላይ ነበረች፣ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

«ለመሆኑ የማንን ቤት ነው የምትፈልጊው?» ይላል ፓንዴሊስ።

«የማንንም አይደለም። ሰፈሩን እያየን ነው።»

«አነጋገርሽ የደሴት ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አሥራ ሰባትን ለማየት ባሕር አቋርጠሽ መጣሽ? ምኑ ይታያል? የዛገ በር ይሆናል እንጂ!»

አርጊሪስ እየሳቀ ጠረጴዛውን ይመታል። ፖሊክሴኒ ግን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። «በቃ ስትራቲስ፣ እንሂድ። አየነው እኮ። ደስ የሚል ሰፈር ነው።»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አሁን ከሄድን ዳግመኛ አትመጣም። ከሁለቱ አንዷ እስክትሞት ነገሩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ያኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ለቅሶዋን የምሰማው እኔ ነኝ። መንገድ አላውቅ ይሆናል፣ ሚስቴን ግን አውቃታለሁ።

«የእህቷን ቤት ነው የምንፈልገው» እላለሁ። «ካሊሮይ ትባላለች። ልብስ ሰፊ ናት።»

«ስትራቲስ!» ትለኛለች። ዓይን ቢያቃጥል ኖሮ እዚያው አመድ ሆኜ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ።

«እትዬ ካሊሮይ?» ይላል ፓንዴሊስ። «ይህን ሱሪ ያሳጠረችልኝ? አሁን ሆነ! ቤቷ ይኸው፣ ከፊትሽ!» በካርታው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንፃ ያሳያል።

«ታዲያ ግራ ነው፣ ቀኝ ነው ስትሉ ምን ነክቷችሁ ነው?» እላለሁ።

«የመንገዱን ስም ነዋ የጠየቀችን! የመንገድ ስም ማን ያውቃል? እኛ የምናውቀው ሰው ነው።» ይህን ብሎ አንገቱን ያቀናና ወደ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ይጮሃል። «እትዬ ካሊሮይ! ኧረ ብቅ በይ! እህትሽ መጥታልሻለች!»

ፖሊክሴኒ ክንዴን ትይዛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። የበረንዳው በር ይከፈታል። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሴት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ታች ታያለች። ብዙ ታያለች።

ባለቤቴ ያዘጋጀችው ንግግር እንዳለ አውቃለሁ፤ ሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውኃ ከፍታ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። ረጅም ነበር፣ ያማረም ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ የሚመጣላት የለም። ክንዴን ትለቅና ብቻዋን ወደ መንገዱ መሃል ትወጣለች።

«ካሊሮይ» ትላለች። «መርከብ አልነበረም። ያኔም አውቅ ነበር።»

ላይ ያለችው ዞር ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። በሩ ክፍት ነው፣ በረንዳው ግን ባዶ ነው። ሄጄ እጇን ልይዛት አስባለሁ፣ ግን ነገሩ የእሷ ነውና እተወዋለሁ። ሚስቴ ፀሐዩ ላይ ቀና ብላ እንደቆመች ነች፤ እንደዛሬ ኮርቼባት አላውቅም።

ካሊሮይ ተመልሳ ትወጣለች።

«ባርኔጣሽ የታለ?» ትላለች። «በዚህ ፀሐይ ራስሽን ገልጠሽ ትቆሚያለሽ? ስልሳ ዓመት አልፎሽም ልብ አልገዛሽም? ጉልበቴ ደረጃ አይወርድልኝም፤ ራስሽ ከፍተሽ ግቢ።»

በገመድ የታሰረች ቅርጫት፣ በየጠዋቱ ከመንገድ ዳቦ ወደ ላይ የምትስብባት መሆን አለባት፣ በሁለተኛው ፎቅ የተሰጣውን ልብስ እየታከከች ትወርዳለች። ውስጧ የውጭ በር ቁልፍ አለ።

ፖሊክሴኒ ቁልፉን ታወጣለች። ቅርጫቷ ባዶ ናት፣ ወደ ላይ ልትሳብ ትችላለች። እሷ ግን ገመዱን ጨብጣ ቆማለች፣ ካሊሮይም ሌላውን ጫፍ እንደያዘች አትስብም።